ለአሰላ አቀበት ጎታች ፒካፕ ሲመረጥ፦ ከመኪናው በፊት ተሳቢው ይመዘን

ጥያቄው፦ «የምኖረው አዳማ ነው። የስንዴ መውቂያ፣ ጄኔሬተርና የውሃ ፓምፕ አከራያለሁ። በሁለት አክስል ተሳቢ ጭኜ ወደ ኢተያና አሰላ፣ አንዳንዴም ወደ መተሐራ የምጎትትበት ያገለገለ ፎር ዊል ፒካፕ ልገዛ ነው። ሃይሉክስ 2.5፣ 3.0 እና 2.8፣ አይሱዙ ዲማክስ 3.0፣ ላንድክሩዘር 79 ባለ 4.2 ቀርበውልኛል። መውቂያው 900፣ ጄኔሬተሩ 500 ኪሎ ነው። ደላላው ሁሉም ሦስት ቶን ተኩል ይጎትታሉ ይላል። የቱ ይሻለኛል?»

መልሱን አስቀድሜ ልንገርዎ። ተሳቢዎ ተጭኖ ሁለት ቶን ተኩል ይጠጋል። ስለዚህ ሃይሉክስ 2.5 ከዝርዝሩ ይውጣ፤ 3.0 ደግሞ ጠርዝ ላይ ነው። ሥራዎ በአብዛኛው አስፋልት ከሆነ እ.ኤ.አ. ከ2012 ወዲህ የተሠራውን ዲማክስ 3.0 ወይም ሃይሉክስ 2.8ን ይያዙ። እርሻ ውስጥ ገብቶ የሚሰነብት፣ ከጋራዥ የሚርቅ ሥራ ከሆነ 79ን። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ተሳቢው የራሱ ፍሬን ከሌለው የትኛውንም አይግዙ፤ መጀመሪያ ፍሬኑን ያሠሩ።

አሁን ወደ ሂሳቡ። 900 እና 500 ደምረው 1,400 ብለው አስበዋል፤ የተረሳው ብዙ ነው። እዚህ በያጅ ጋ የሚሠራ ሁለት አክስል ተሳቢ ባዶውን ከ600 እስከ 700 ኪሎ ሊመዝን ይችላል፤ 650 እንበል። ፓምፑ ከነቱቦው 150 ይያዝ። 200 ሊትር ናፍጣ ከነበርሜሉ 190 ገደማ ነው። እስካሁን 2,390 ደረስን። ትርፍ ጎማ፣ ክሪክ፣ ሰንሰለት፣ ሸራና የመውቂያው መለዋወጫ ሲጨመር 2,500 ሆነ ማለት ነው። መውቂያው ሆድ ውስጥ የቀረ ገለባና አፈር እንኳ በኪሎ የሚቆጠር ነገር ነው።

ግምት ላይ ባይቆሙ ደግሞ ይሻላል። አዳማ ውስጥ የእህል መጋዘንና ፋብሪካ ባለበት ሁሉ የመኪና ሚዛን አይጠፋም፤ ከፍለው ሦስት ጊዜ ይመዝኑ። መጀመሪያ መኪናው ብቻውን፣ ሰውና ዕቃው እንደ ሥራ ቀን ተሞልቶ። ሁለተኛ ተሳቢው እንደታሰረ የመኪናው ጎማዎች ብቻ ሚዛኑ ላይ ሆነው፣ የተሳቢው ጎማዎች ከሚዛኑ ውጪ ቀርተው። ሦስተኛ ሁሉም አንድ ላይ። ከሦስተኛው ላይ የመጀመሪያውን ሲቀንሱ የተሳቢውን ሙሉ ክብደት ያገኛሉ። ከሁለተኛው ላይ የመጀመሪያውን ሲቀንሱ ደግሞ ተሳቢው የመኪናው ኳስ፣ ማለትም የተሳቢው አፍ የሚያያዝበት ክብ ብረት፣ ላይ የሚጥለውን ጫና ያገኛሉ። ይህ የኳስ ጫና የተሳቢው ክብደት አንድ አሥረኛ ገደማ መሆን አለበት፤ ለእርስዎ 250 ኪሎ። መጋጠሚያውና ኳሱ ይህን ጫና መሸከም ይችሉ እንደሆነ የታተመባቸውን ቁጥር ይዩ፤ አንዳንዱ ከ150 ኪሎ አያልፍም።

በየጊዜው ሚዛን መሄድ ካስቸገረ የኳስ ጫናውን በቤት የሰው ሚዛን መለካት ይቻላል። ጠንካራ ጣውላ አንዱን ጫፍ ጡብ ላይ፣ ሌላውን ጫፍ ሚዛኑ ላይ ያሳርፉ። የተሳቢው አፍ ከጡቡ 30 ሳንቲ ሜትር፣ ከሚዛኑ 60 ሳንቲ ሜትር ርቆ ጣውላው ላይ ይረፍ፤ ከፍታው ሲጎተት ከሚኖረው ጋር ይመሳሰል። ሚዛኑ ያሳየውን በሦስት ያባዙ። 83 ካሳየ ጫናው 250 ነው።

ደላላው የጠቀሰው ሦስት ቶን ተኩል ለአንዳንዶቹ መኪኖች ውሸት ላይሆን ይችላል፤ ግማሽ እውነት ግን ነው። ያ ቁጥር የራሱ ፍሬን ላለው ተሳቢ የተሰጠ ነው። ፍሬን ለሌለው ተሳቢ የእነዚሁ መኪኖች የተለመደ ገደብ 750 ኪሎ ነው። ሁለተኛ፣ መኪናው ራሱ በሰውና በዕቃ ሲሞላ የሚጎትተው ይቀንሳል፤ ምክንያቱም የመኪናና የተሳቢ ድምር የራሱ ጣሪያ አለው። በቁጥር እንየው። አንድ ደብል ጋቢና ባዶውን 2,050 ኪሎ፣ ተሞልቶ 3,000፣ ከተሳቢ ጋር ተደምሮ 5,650 የተፈቀደለት ነው እንበል። አራት ሰው 300፣ የኳስ ጫና 250፣ የመሣሪያ ሳጥን 100፣ የመጎተቻው ብረት 40፣ የኋላው ሽፋን 80፤ ድምሩ 770። መኪናው ሊሸከም ከሚችለው 950 (3,000 ሲቀነስ 2,050) ላይ የቀረው 180 ኪሎ ብቻ ነው። ገበሬው «ክፍያው ስንዴ ይሁን» ብሎ አራት ኩንታል ቢጭንልዎ ከገደብ አለፉ። ድምሩን ስናይ ደግሞ ከኳስ ጫናው በቀር መኪናው 2,570፣ ተሳቢው 2,500፣ አንድ ላይ 5,070፤ ይህ ያስኬዳል። በዚያው መኪና 3,500 ኪሎ ልጎትት ቢሉ ግን 6,070 ይመጣል፤ ከጣሪያው በ420 ኪሎ ያልፋል። ማስታወቂያው ላይ ያለው ቁጥርና ሥራ ላይ ያለው የሚለያዩት እንዲህ ነው።

የየመኪናውን ገደብ ከበሩ ምሰሶ ላይ ካለው ሰሌዳና ከመኪናው መጽሐፍ ያንብቡ። ቁጥሩ እንደተሸጠበት አገር ስለሚለያይ ከሌላ አገር ማስታወቂያ አይቅዱ። ሰሌዳው ተገንጥሎ ከሆነ ራሱ አንድ ጥያቄ ነው።

አሁን ወደ መኪኖቹ እንምጣ።

ሃይሉክስ 2.5 ለከተማ ዕቃና ለአንድ ቶን ተሳቢ ደህና ነው፤ ነዳጅም ይቆጥባል። ሁለት ቶን ተኩል አስሮ ከደራ በላይ ያለውን አቀበት በየሳምንቱ መውጣት ግን ፍሪሲዮንና ቱርቦ መብላት ነው።

ሃይሉክስ 3.0፣ እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2015 የነበረው ዋን ኬዲ ሞተር፣ ጉልበቱ 343 ኒውተን ሜትር ስለሆነ ይጎትታል። ችግሩ የታተመው የመጎተት ገደቡ ነው፤ በብዙ አገር መጀመሪያ 2,250፣ ኋላ ላይ 2,500 ኪሎ ነበር። የእርስዎ ተሳቢ ወይ አልፎታል ወይ ገደቡ ላይ ነው። ሞተሩም የታወቀ ደዌ አለው። በኢንጀክተሩ ሥር ያለችው የመዳብ ቀለበት ስታፈስ የቃጠሎው ጋዝ ወደ ላይ ይወጣና ዘይቱን ያጠቁረዋል፤ ዘይቱ ወደ ዝቃጭ ይለወጣል፤ ዝቃጩ የካርተሩ ሥር ያለውን የዘይት መምጠጫ ወንፊት ይደፍናል፤ ሞተሩ ዘይት ተርቦ ይነክሳል። ይህ ሁሉ ሲሆን ዳሽቦርዱ ላይ ምንም ላይታይ ይችላል፤ የዘይት መብራቱ ሲበራ ጊዜው አልፏል። ርካሽ አግኝተው 3.0 ከገዙ ካርተሩን አስፈትተው ወንፊቱን ይዩ፣ አራቱንም የመዳብ ቀለበት ያስለውጡ፤ የታይሚንግ ቺንጋው መቼ እንደተለወጠ በወረቀት ካልተረጋገጠም ያስለውጡት። 150,000 ኪሎ ሜትር ይሄዳል የሚባለውን ለጭነትና ለአቧራ ሥራ 100,000 ላይ ማስለወጡ ይሻላል።

ሃይሉክስ 2.8፣ ዋን ጂዲ፣ እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ የመጣ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ማንዋሉ 420፣ አውቶማቲኩ 450 ኒውተን ሜትር ነበረው። በቺንጋ ፈንታ የታይሚንግ ሰንሰለት ነው። ሻንሲውም ከቀድሞው ጠንካራ ነው። የሚያስጠነቅቀኝ ነገር ነዳጁ ነው፤ የኮመን ሬይል ኢንጀክተር ውሃና አቧራ የገባበትን ናፍጣ አይታገስም። እርሻ ውስጥ ከበርሜል በፓምፕ የሚቀዱ ከሆነ በጨርቅ ማጥለል በቂ አይደለም፤ ውሃ የሚለይ ተጨማሪ ፊልትሮ ያስገጥሙ፣ ዋናውን ፊልትሮ በየ10,000 ኪሎ ሜትር ይለውጡ፣ ከሥሩ ያለውን ውሃ ቶሎ ቶሎ ያፍስሱ። ዲፒኤፍ የሚባለው የጭስ ማጣሪያ የተገጠመለት ከውጭ የመጣ ሃይሉክስ ቢያቀርቡልዎ ይለፉት፤ ሰልፈር የበዛበት ናፍጣና አጭር ጉዞ ይደፍኑታል።

ዲማክስ 3.0 ብዙ ሰው የሚንቀው፣ እኔ ግን ለመጎተት የምመርጠው ነው። ፎር ጄጄ ዋን ሞተሩ 2,999 ሲሲ፣ አዲሱ ቅርጽ ላይ 380 ኒውተን ሜትር ነው። ቁጥሩ ከ2.8 ሃይሉክስ ያንሳል፤ ሞተሩ ግን በቀላል የጭነት መኪናም የሚሠራ ስለሆነ በዝቅተኛ ዙር ተጭኖ መዋል አይከብደውም። እ.ኤ.አ. ከ2012 በፊት የነበረው ቅርጽ 3,000 ኪሎ፣ ከዚያ ወዲህ ያለው እስከ 3,500 ኪሎ ፍሬን ያለው ተሳቢ ይጎትታል። ጉድለቱ የሞተሩ ሳይሆን የመለዋወጫው ነው፤ የሃይሉክስ ዕቃ አዳማ ውስጥ ባለበት ሁሉ ይገኛል፣ ለዲማክስ የአካልና የኤሌክትሪክ ዕቃ ግን መርካቶ ሶማሌ ተራ ድረስ መሄድ ሊኖር ይችላል። ዋጋው ከሃይሉክስ በሚታይ ልክ ካነሰልዎ ልዩነቱ ለተሳቢው ፍሬንና ለጎማ ይበቃል።

ላንድክሩዘር 79 ሌላ ዓለም ነው። ዋን ኤች ዜድ ሞተሩ 4,164 ሲሲ፣ ስድስት ሲሊንደር፣ ቱርቦ የሌለው፣ 130 ፈረስ ጉልበትና 285 ኒውተን ሜትር ብቻ ነው። በወረቀት ከ2.8 እና ከ3.0ዎቹ ያንሳል። አክስሎቹ፣ ካምቢዮውና ሻንሲው ግን ለዚህ ሥራ የተወለዱ ናቸው። የናፍጣ ፖምፓው ሜካኒካል ስለሆነ መጥፎ ናፍጣን ከሌሎቹ ይበልጥ ይታገሣል፣ የትኛውም የገጠር መካኒክ ይፈታዋል። ከፊትና ከኋላ ጎማ መካከል ያለው ርቀት 3,180 ሚሊ ሜትር ነው፤ የሃይሉክስ 3,085፣ የዲማክስ 3,095። ይህች የአሥር ሳንቲ ሜትር ልዩነት ተሳቢ ሲወዛወዝ ትታወቃለች።

79 የሚያማው ከፍታ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ገደማ ያጣል። አሰላ 2,430 ሜትር ላይ ናት፤ እዚያ የሚቀረው 100 ፈረስ ጉልበት ገደማ ነው። ከኢተያ ወዲያ በሦስተኛ ማርሽ 40 እና 50 እየሄዱ ከኋላዎ ሰልፍ ይሰበሰባል። ይህን ከታገሡ መኪናው አይሞትብዎትም። አንዳንድ ሰው «ቱርቦ እናስገጥም» ወይም «ፖምፓውን ከፍ እናድርግ» ይላል። ሁለቱንም አይስሙ፤ ያለ ተጨማሪ አየር ናፍጣ መጨመር ጥቁር ጭስና የጋለ ጭስ ነው፣ የማይመጠን ቱርቦ ደግሞ ቴስታታውን፣ ማለትም የሞተሩን ራስ፣ ይሰነጥቀዋል። ባለ ቱርቦዎቹ 2.8 እና 3.0 ግን አሰላ ላይም ጉልበታቸውን ብዙ አያጡም።

ጋቢናን በተመለከተ አንድ ቃል። ከሁለት ሠራተኛ በላይ የማይወስዱ ከሆነ ሲንግል ጋቢና ይሻላል፤ ራሱ ቀላል ነው፣ ጭነቱም አክስሉ ላይ ያርፋል። ደብል ጋቢና ላይ ጭነቱና ኳሱ ከኋላ አክስል ወደ ኋላ ይወጣሉ፤ በጉድጓድ መንገድ ሲደበድብ ሻንሲው ከጋቢናው ጀርባ ይታጠፋል። ባሌስትራው ወረደ ብለው የአየር ከረጢት ሲያስገጥሙ ይብሳል፤ ባሌስትራው በሁለት ጫፉ ያካፍለው የነበረውን ጫና ከረጢቱ ሻንሲው መሃል አንድ ነጥብ ላይ ይሰበስበዋል። ቀና ብሎ የቆመ መኪና ስላዩ ጭነቱ ቀነሰ ማለት አይደለም። ትክክለኛው መፍትሔ ለክብደቱ የተሠራ ባሌስትራ ወይም የጭነት መቀነስ ነው።

ወደ ፍሬኑ። ከአሰላ ወደ አዋሽ ምልካሳ ሲመለሱ ከ800 ሜትር በላይ ይወርዳሉ። ፍሬን የሌለው ሁለት ቶን ተኩል ከኋላ እየገፋ የፒካፕ ፍሬን ብቻውን ሲይዝ መጀመሪያ ሽታ ይመጣል፣ ቀጥሎ ፔዳሉ ይለሰልሳል፤ የፍሬን ዘይቱ ፈልቶ አረፋ ሆኗል ማለት ነው። ዘይቱ አሮጌና ውሃ የጠጣ ከሆነ ይህ ቶሎ ይመጣል፤ ዶት 4 ተጠቅመው በየሁለት ዓመቱ ያስለውጡ።

ሁለት ዓይነት የተሳቢ ፍሬን ማወቅ ይበቃዎታል። አንዱ በግፊት የሚሠራ ነው፤ መኪናው ሲቀንስ ተሳቢው ወደፊት ይገፋል፣ ግፊቱ የተሳቢውን መጎተቻ ዘንግ ወደ ኋላ ይጫናል፣ ዘንጉ በገመድ ወይም በዘይት የፍሬን ሸራውን ታምቡሩ ላይ ይከፍተዋል። ኤሌክትሪክ አይፈልግም፣ ይጠገናል። ሁለት ጠባይ ግን አለው። በረጅም ቁልቁለት መኪናው በማርሽ ሲይዝ ተሳቢው ሳያቋርጥ ስለሚገፋ ሸራው ሙሉ መንገዱን እየታሸ ይወርዳል፤ መሃል ላይ ቆሞ ማቀዝቀዝ ያስፈልጋል። ወደ ኋላ ሽቅብ ሲሄዱ ደግሞ ይይዛል፤ መቆለፊያ ሊኖረው ይገባል። ሌላው ኤሌክትሪክ ነው፤ ታምቡሩ ውስጥ ማግኔት፣ ጋቢናው ውስጥ መቆጣጠሪያ አለው። የሚበልጠው በአንድ ነገር ነው፦ ተሳቢው መወዛወዝ ሲጀምር የመኪናውን ፍሬን ሳይነኩ በእጅ የተሳቢውን ብቻ መያዝ ይቻላል።

እዚህ የሚሠራው ተሳቢ አክስሉ ያገለገለ የፒካፕ የኋላ አክስል ከሆነ ታምቡርና የፍሬን ሲሊንደር አብረውት መጥተዋል፤ በያጁ ቱቦውን ቆርጦ ይተወዋል እንጂ። ያንን ማስነሳት አዲስ ከመግዛት ይቀላል። የግፊት መጎተቻ ዘንግ ከነማስተር ሲሊንደሩ፣ የብረት ቱቦ ወደ አራቱም ጎማ፣ አዲስ ላስቲክና ሸራ፣ እና የእጅ ፍሬን ገመድ። ሁለቱም አክስል ፍሬን ይኑረው፤ አንዱ ብቻ ከያዘ ያ አክስል ጎማ ይጎትታል። ማስተካከያው ቀላል ነው፦ ጎማውን አንስተው እያዞሩ ሸራው እስኪነካ ያጥብቁ፣ ከዚያ በነፃ እስኪዞር ይመልሱ። ተሳቢው ቢፈታ ፍሬኑን የሚስብ ቀጭን የብረት ገመድ ይኑረው፤ የሚታሰረው ኳሱ ላይ ሳይሆን የመኪናው ሻንሲ ላይ ነው። ሁለት የደኅንነት ሰንሰለትም ከመጎተቻው ሥር ተጠላልፈው ይታሰሩ፤ ቢፈታ አፉ መሬት ከመውጋት ይልቅ ሰንሰለቱ ላይ ያርፋል።

መጎተቻውን ፓራውልት ላይ ልበይድ የሚልዎ ሰው ካለ ይለፉት፤ ፓራውልት ቆርቆሮ ነው። መጎተቻው ሁለቱን የሻንሲ ረድፎች ይዞ በ8.8 ወይም በ10.9 ቡሎን ይታሰር፤ የሻንሲው ክንፍ ላይ አዲስ ቀዳዳ አይበሳ፣ ያሉትን ይጠቀሙ። ኳሱና የተሳቢው መያዣ አንድ ልክ ይሁኑ። 50 ሚሊ ሜትርና ሁለት ኢንች፣ ማለትም 50.8፣ በዓይን አይለዩም፤ ለ50 የተሠራ መያዣ 50.8 ኳስ ላይ እስከ መጨረሻው አይቆለፍም። ከቆለፉ በኋላ የተሳቢውን አፍ በክሪክ ያንሱት፤ የመኪናው ኋላ አብሮ ከተነሳ ይዟል። ተሳቢው ታስሮ ሲቆም መሬት ላይ ዝርግ ይሁን። አፉ ሽቅብ ካለ የኋለኛው አክስል ብቻ ይሸከማል።

የመብራት ሽቦ ላይ ሁለት ነገር ብቻ። ተሳቢው ቀድሞ በጭነት መኪና ይጎተት ከነበረ አምፖሎቹ 24 ቮልት ሊሆኑ ይችላሉ፤ በ12 ቮልት ፒካፕ ላይ ፍሬቻው የሚደበዝዘው ለዚህ ነው። የማስ ሽቦውንም ለብቻው ይሳቡ፤ በኳሱ በኩል ይመለሳል ማለት ኳሱ ቅባት ሲጠጣ መብራት ጠፋ ማለት ነው።

አጫጫን። ከባዱ ዕቃ፣ ማለትም መውቂያው፣ አክስሎቹ ላይና ትንሽ ወደፊት ይሁን፤ ከጠቅላላው ጭነት ስድሳ በመቶ ያህሉ ከአክስሎቹ መሃል ወደፊት። ጄኔሬተሩን ለማውረድ እንዲመች ብለው ጫፍ ላይ ካስቀመጡት የኳስ ጫናው ይጠፋል፣ ተሳቢው 70 ላይ ግራ ቀኝ መወዛወዝ ይጀምራል። አዳማ የነፋስ ተርባይን የተተከለባት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ቁመቱ የረዘመ መውቂያ ጎን ለጎን ነፋስ ሲመታው እንደ ሸራ ይነፋል። በፍጥነት መንገዱ ላይ ሌላው 120 ስለሄደ እርስዎ 80 አይለፉ። ቢወዛወዝ የመኪናውን ፍሬን አይርገጡ፣ መሪውን አይታገሉ፤ እግርዎን ከነዳጅ ያንሱ፣ መሪውን ቀጥ አድርገው ይያዙ፣ መቆጣጠሪያ ካለዎት የተሳቢውን ፍሬን ብቻ ይንኩ። የውሃ ታንከር የሚጭኑ ከሆነ ወይ ሙሉ ወይ ባዶ ይሁን፤ ግማሽ የሆነ ውሃ በኩርባ ይንሸራተታል።

ማርሽ። የመጨረሻው ማርሽ ኦቨርድራይቭ ነው፤ ጭነት ይዘው አቀበት ላይ አይጠቀሙበት። ለመውረድ ደንቡ ለመውጣት የገቡበት ማርሽ ነው፤ ፍሬን አጥብቆ መያዝና መልቀቅ እንጂ ቀስ ብሎ ረግጦ መውረድ አይደለም። የአፈር አቀበት ላይ ቆመው ሲነሱ፣ ወይም ከእርሻ ሲወጡ፣ ሎው ፎርን ይጠቀሙ፤ ፍሪሲዮንን የሚያድነው ይህ ነው። ሎውም ሆነ ሃይ ፎርን ግን ደረቅ አስፋልት ላይ አያስገቡ። በእነዚህ መኪኖች ፊትና ኋላው አንድ ላይ ስለሚቆለፍ ኩርባ ላይ ትራንስፈሩና ፔርኖዎቹ ይጨናነቃሉ።

መተሐራ ከ1,000 ሜትር በታች ናት፣ ሙቀቷም የታወቀ ነው። ለእርስዎ የባሰው ግን መውቂያው የሚተፋው ገለባ ነው። በኤሲው ኮንደንሰርና በራዲያተሩ መካከል ተጋግሮ ይቀመጣል፤ ከፊት ሲያዩት ንጹሕ ይመስላል። በመኸር ሳምንት ሳያልፍ ኮንደንሰሩን ፈታ አድርገው ከሞተሩ ወደ ውጭ በአየር ወይም በዝግታ ውሃ ያስወጡት። የቶዮታ የሙቀት መለኪያ ቀስት ደግሞ ያታልላል፤ በሰፊ የሙቀት ክልል መሃል ላይ ቆማ ትቀራለች፣ ስትንቀሳቀስ ሞተሩ ቀድሞ ግሏል። በአቀበት ኤሲ ያጥፉ። አውቶማቲክ ከገዙ ለካምቢዮ ዘይቱ ተጨማሪ ማቀዝቀዣ ያስገጥሙ።

የተሳቢ ኩሽኔታ የሚረሳ ነገር ነው። ከአዳማ ተነስተው ምልካሳ ሲደርሱ ቆመው የአራቱንም ጎማ ሞዞ (ኩሽኔታው የተቀመጠበትን መሃል) በእጅ ይንኩ። ሞቅ ያለ ልክ ነው፤ እጅ የማያስቆይ ከሆነ ኩሽኔታው ጠብቋል ወይም ፍሬኑ ይዟል። በየወቅቱ ፈትተው አጥበው አዲስ ግሪስ ያስገቡ። ቸርኬ ከተፈታ በኋላ ዳዶዎቹን ከ50 ኪሎ ሜትር በኋላ ደግመው ያጥብቁ። የሞተር ዘይት ለሚጎትት መኪና 5,000 ላይ ይለወጥ።

ሊገዙ ሲሄዱ ጧት፣ ሞተሩ ሳይነሳ ይድረሱ። ቀዝቃዛውን የራዲያተር ክዳን ከፍተው ሞተሩን ያስነሱ፤ ነዳጅ ሲሰጡ አረፋ ሳያቋርጥ ከመጣ ጓርኒሲዮን ወይም ቴስታታ ነው። የዘይት ክዳኑን ሲከፍቱ ጭስ በኃይል ከተነፈሰ ወይ ኢንጀክተር ያፈስሳል ወይ ሞተሩ ደክሟል። በጋቢናውና በጭነት ክፍሉ መካከል ያለውን ክፍተት ከላይና ከታች በጣት ይለኩ፤ ከላይ ሰፍቶ ከታች ከጠበበ ሻንሲው ወደ ኋላ ታጥፏል። ከሥር ገብተው የባሌስትራውን መያዣ አካባቢ ይዩ፤ አዲስ ቀለም ብቻውን እዚያ ከተቀባ ብየዳ አለ። የሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር ያስተያዩ። የዲፍረንሻሉን ማፍሰሻ ቡሎን ያስፈቱ፤ ማግኔቱ ላይ ጥቁር ዱቄት ይጠበቃል፣ የጥርስ ስባሪ ግን አይጠበቅም። ፍሪሲዮኑን በአራተኛ ማርሽ 40 ላይ ነዳጅ ረግጠው ይሞክሩት፤ ዙሩ ወጥቶ ፍጥነቱ ካልተከተለ አልቋል። ሃይና ሎው ፎርን አፈር ላይ ያስገቡ፣ ያዳምጡ። ተሳቢው የራሱ ታርጋ ያስፈልገው እንደሆነ ከመግዛትዎ በፊት ያጣሩ፤ መድንዎ ተሳቢውን ይሸፍን እንደሆነም ከመድን ድርጅቱ በጽሑፍ ይጠይቁ።

ከዚያ አሥር ኩንታል ጭነው ከሻጩ ጋር እስከ ኢተያ ይውጡ። ቀስቷን፣ ጭሱንና የካምቢዮውን ድምፅ ይከታተሉ፤ ኢተያ ላይ ቆመው ከሥር የሚንጠባጠብ ነገር ይፈልጉ፣ ሲመለሱ ፍሬኑን ያሽትቱ። ሻጩ «በጭነት አላስሞክርም» ካለ ሌላ መኪና ይፈልጉ።